ለስላሳ ሁሙስ በቤት ውስጥ፦ ሥራው የሚያልቀው ድስት ላይ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሁሙስ (ከተፈጨ ሽምብራ የሚሠራ ማባያ) ቤቴ ለመሥራት ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀቀልኩት። በብሌንደር ስፈጨው ግን አሸዋ አሸዋ የሚል ሆነ፤ መልኩም ወደ ቡናማ አደላ። ጠሂና (የተፈጨ የሰሊጥ ቅባት) ስለተወደደብኝ ሰሊጥ ቆልቼና ፈጭቼ ብጨምርበት መረረ። የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ባኖረውም በሁለተኛው ቀን ሸተተ። ሐረር ያሉት አማቴ ደግሞ ሽምብራ እሳቸው ቤት ከእኔም ይልቅ ለመብሰል እንደሚዘገይባቸው ይናገራሉ። ጥፋቱ የብሌንደሬ ነው? የተሻለ ብሌንደር ልግዛ ወይስ በቆርቆሮ የታሸገውን ሽምብራ?»

ምላሽ፦ ብሌንደርዎን ለመቀየር አይቸኩሉ። የብሌንደር ምላጭ የሚሠራው ድስት ላይ የለሰለሰውን ፍሬ መበተን ብቻ ነው፤ እስከ ውስጡ ያልበሰለ ሽምብራን ግን የቱንም ያህል ቢያሽከረክረው እያደቀቀ ይከፋፍለዋል እንጂ አያልመውም፤ ምላስዎ ላይ አሸዋ የመሰለዎትም ይኸው ደቃቅ ቅንጣት ነው። ሁሙስን ለረጅም ዘመን ሲያዘጋጁ የኖሩት የሶርያ፣ የሊባኖስ፣ የፍልስጤምና የዮርዳኖስ ባለሙያዎች ከኤሌክትሪክ በፊት በሙቀጫና በእንጨት ዘነዘና እየወቀጡ የላመውን ምግብ ያቀርቡ እንደነበር ሲታሰብ፣ ምስጢሩን ማሽኑ ውስጥ መፈለግ እንደማያስፈልግ ግልጽ ይሆናል። ካነሷቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከፍሬው ዓይነትና ከሚቀቅሉበት ውኃ ነው፤ ስለዚህ ምላሼም በእነዚህ ላይ ረዘም ይላል፣ ስለ ማጣፈጫው ግን አጠር ይላል።

ከፍሬው እንነሣ። በገበያችን የሚገኘው ሽምብራ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው በየቤቱ ለሽሮ፣ ለቆሎና ለንፍሮ የምናውቀው ትንሽ፣ ማዕዘናም፣ ቡናማና ወፍራም ቅርፊት ያለው ሲሆን ባለሙያዎች ዴሲ ይሉታል። ሁለተኛው ተለቅ ያለ፣ ክብ ቢጤ፣ ወደ ነጭ የሚያደላና ቅርፊቱ ስስ የሆነው ካቡሊ ነው። አገራችን በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች ስትሆን፣ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አረርቲ፣ ሻሾና ሀብሩ ያሉ የካቡሊ ዝርያዎችን ለገበሬው አዳርሷል፤ በመሆኑም ነጩ ሽምብራ ከውጭ የሚመጣ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም። እርስዎ የገለጹት ቡናማ መልክ የዴሲው ሽምብራ እንደገዙ ያመለክታል። ቀፊራ ሲወርዱ ነጋዴዋን «ነጩን፣ ትልቁን ሽምብራ» ብለው ይጠይቁ። ከዚያም ጥቂት ፍሬ መዳፍዎ ላይ አድርገው ይመልከቱ፤ መጠኑ ተመሳሳይ፣ ቆዳው ያልተሰነጠቀና ያልጠቆረ፣ የነቀዝ ቀዳዳ የሌለበት ሊሆን ይገባዋል። ትልቅና ትንሽ ፍሬ የተቀላቀለበት ሽምብራ እኩል አይበስልምና፣ ትልቁ እስኪለሰልስ ትንሹ ይፈርሳል።

ነጩ ሽምብራ ካልተገኘ፣ ወይም ዋጋው ካልተመቸዎት፣ የሽምብራ ክክ ይግዙ። ይህንን ምክር የውጭ አገር የምግብ አሠራሮች እምብዛም አይጠቅሱትም፤ እኛ ዘንድ ግን ከሁሉ የቀለለው መንገድ ይመስለኛል። ክክ ቅርፊቱ አስቀድሞ የተገፈፈ፣ ለሁለት የተከካ በመሆኑ የዴሲውን ሽምብራ ሁለት ችግሮች፣ ማለትም ወፍራሙን ቅርፊትና ቡናማውን መልክ፣ በአንድ ጊዜ ያስወግዳል፤ ከድፍኑም በጣም ፈጥኖ ይበስላል። ጣዕሙ ከካቡሊው ይልቅ ጠንከር ያለና ወደ ሽሮ የሚያደላ ነው፤ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር ቢኖር የአተር ክክ በመልኩ በጣም የሚመሳሰል መሆኑ ነው፤ አተር ሲበስል አጥሚት መስሎ ይቀልጣል፣ ሽታውም ሌላ ነው። የተቆላ ክክም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሽምብራ ዱቄት አለኝ የሚሉ ደግሞ ከሁሙስ ይልቅ ቡቲቻ ቢሠሩበት ይሻላቸዋል፤ በውኃና በዘይት ተማስሎ ከበሰለ በኋላ ቀዝቅዞ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚቀርበው የጾም ምግባችን ለሁሙስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዱቄቱንም ከፍሬው የበለጠ ያከብረዋል።

የፍሬው ዕድሜም ቸል የሚባል አይደለም። ሽምብራ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲከማች በውስጡ በሚፈጠር ለውጥ የተነሣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ቢውል መሐሉ ጠጣር እንደሆነ ይቀራል። የድሬዳዋ ሙቀት ለዚህ ዓይነቱ መበላሸት የተመቸ ስለሆነ፣ ብዙ ገዝቶ በማዳበሪያ ከማከማቸት ይልቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መግዛት ይመረጣል። ከመግዛትዎ በፊት ለመፈተን ከፈለጉ አንድ እፍኝ ወስደው ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፤ ጤናማ ሽምብራ ውኃ ጠጥቶ ክብደቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ያረጀው ግን ብዙ ፍሬዎቹ እንደ ደረቁ ሳያብጡ ያድራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውኃው እንምጣ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ከመጣ የከርሰ ምድር ውኃ የሚቀዳ በመሆኑ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ጠንካራ ውኃ ነው፤ በማንቆርቆሪያዎ ግርጌ የሚጋገረውንና ቧንቧ የሚዘጋውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ያ ካልሲየም በድስትዎ ውስጥም ሥራ አለው። የሽምብራን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው አያይዞ የሚይዛቸው ፔክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ፍሬው የሚለሰልሰው ይህ ማያያዣ በሙቀት ሲሟሟ ነው። ካልሲየም ከፔክቲን ጋር ሲጣመር ግን ማያያዣው ይጠነክራል፤ ሕዋሳቱም አንዱ ከሌላው መላቀቅ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በጠንካራ ውኃ ሦስት ሰዓት የተቀቀለ ሽምብራ በለስላሳ ውኃ አንድ ሰዓት ተኩል ከተቀቀለው የባሰ ጠጣር ቢሆን አያስደንቅም። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ከመብሰሉ በፊት መጨመርም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ ኮምጣጣነት ፔክቲኑን ያጸናዋልና።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የመጀመሪያው ዘዴ የሚዘፈዝፉበትንና የሚቀቅሉበትን ውኃ ቀደም ብሎ ለአሥር ደቂቃ ያህል በደንብ አፍልቶ ማሳደር ነው፤ ውኃው ሲፈላ ካልሲየሙ በከፊል ወደ ኖራ ተለውጦ ይዘቅጣል፣ ጠዋት ላይኛውን ውኃ ሳይበጠብጡ ቀስ ብለው ቀድተው ግርጌው ላይ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ይደፉታል። ሁለተኛው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳ ውኃውን ከኮምጣጣነት ተቃራኒ ወደ ሆነው ባሕርይ ያዞረዋል፣ ከካልሲየሙም የተወሰነውን ያዘቅጠዋል፣ ፔክቲኑም ቶሎ እንዲሟሟ ያደርጋል። ለ250 ግራም ደረቅ ሽምብራ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርገው ይዘፍዝፉ። ጨው ሽምብራ ያደርቃል የሚለው የቆየ አባባል በመዘፍዘፊያው ላይ አይሠራም፤ እንዲያውም የጨው ሶዲየም በቅርፊቱ ያለውን ካልሲየም እየተካ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ውኃውን ደፍተው፣ ፍሬውን በደንብ አለቅልቀው፣ በአዲስ ውኃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ብቻ ጨምረው ይቀቅሉ። ከዚህ መጠን አይለፉ፤ ሶዳ ሲበዛ ሁሙሱ የሳሙና ጣዕም ያመጣል፣ ያንንም ምንም ያህል ሎሚ አይደብቀውም።

ስለ መዘፍዘፍ ሰዓት ደግሞ የአየሩን ሁኔታ ማየት ይገባል። «ለ12 ሰዓት ይዘፍዝፉ» የሚለው መመሪያ የተጻፈው ለቀዝቃዛ ወጥ ቤት ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሌሊት፣ ሽምብራው ጠረጴዛ ላይ ካደረ ጠዋት ላይ ውኃው አረፋ ያበጀና ቆምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ሆኖ ያገኙታል፤ ይህም መፍላት መጀመሩን ያመለክታል። በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ወይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ወይም ስድስት ሰዓት ገደማ በቂ ነው ብለው በመሐል ውኃውን አንድ ጊዜ ይቀይሩ። ሁለቱም ካልተመቸዎት ሽምብራውን በብዙ ውኃ ለሁለት ደቂቃ አንፍረው፣ ከድነው ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ ይህ ፈጣን ዘዴ የሌሊቱን ያህል ባይሆንም ይበቃል። የሽምብራ ክክ ሁለት ሰዓት ቢዘፈዘፍ አያንሰውም።

አማትዎ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የእጃቸው አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ በ1,900 ሜትር አቅራቢያ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውኃ ድሬዳዋ 96 ዲግሪ፣ ሐረር ደግሞ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የፈላ ውኃ እሳቱ ቢጨመርበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ስለዚህ ከሰል ማብዛት ውኃውን ያተንነዋል እንጂ ሽምብራውን አያፈጥነውም። ጥራጥሬ ለዚህ ጥቂት ዲግሪ በጣም ስሱ ነው። በቤይሩት ወይም በሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ የአሠራር ሰዓት ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ ይራዘማል፣ ጀጎል ውስጥ ባለ ወጥ ቤት ደግሞ ከዚያም ይራዘማል። በእኔ ልምድ በሶዳ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽምብራ ድሬዳዋ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሲወስድ፣ ሐረር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨመርበታል። አማትዎ ፕሬሸር ኩከር ካላቸው ግን ልዩነቱ ሁሉ ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ በታፈነው እንፋሎት ውስጥ ሙቀቱ ሐረርም ላይ ከ115 ዲግሪ በላይ ይደርሳልና ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በቂ ነው። ሽምብራ አረፋው ብዙ ስለሆነ መተንፈሻውን እንዳይዘጋው ድስቱን ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግም አረፋውን ይቀንሳል።

ሽምብራው እየተንተከተከ ሳለ አረፋውንና አብሮት የሚንሳፈፈውን ገለፈት በጭልፋ እየገፈፉ ይጣሉ። ሁሉንም ፍሬ አንድ በአንድ መላጥ አስፈላጊ አይደለም፤ ይህን የሚመክሩ ሰዎች ጊዜ የተረፋቸው ይመስለኛል። ከፊል ሲበስል አጥልለው ሰፊ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይጨምሩበት፣ በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይሹት፣ ገለፈቱ ሲንሳፈፍ ከነውኃው ያዘንብሉት፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙና ፍሬውን ወደ ድስቱ ይመልሱ።

ብስለቱን የሚያውቁት በሰዓት ሳይሆን በጣትዎ ነው። ከድስቱ መሐል አንድ ፍሬ አውጥተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይጫኑት። ለሁለት ከተሰነጠቀና ግማሹ ቅርጹን እንደያዘ ከቀረ ገና ነው። ከተጨፈለቀ፣ ነገር ግን ጣቶችዎን ሲያፋትጓቸው መሐሉ ላይ የሰሞሊና ቅንጣት የሚመስል ነገር ከተሰማዎት፣ ለንፍሮ ደርሷል፣ ለሁሙስ ግን አልደረሰም፤ እርስዎ ባለፈው ያወጡት እዚህ ደረጃ ላይ ሳለ እንደሆነ እገምታለሁ። ለሁሙስ የሚፈለገው ምንም ሳይታገል በጣትዎ ላይ እንደ ቅቤ የሚቀባ፣ ቅንጣት የሌለው፣ ድስቱም ውስጥ አንዳንዱ ፍሬ በራሱ መፍረስ የጀመረ ሽምብራ ነው። ለወጥ ቢሆን «አለቀለት፣ ላመ» ብለን የምናዝንበት ደረጃ ለሁሙስ ትክክለኛው ነው። ከአንድ በላይ ፍሬ ይሞክሩ፤ አንዱ ብቻውን ሊያታልል ይችላል።

ስለ ምሬቱ ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ ሰሊጡ ነው። ጠሂና የሚሠራው ቅርፊቱ ከተነሣለትና በጣም ለዘብ ብሎ ከሞቀ ሰሊጥ ሲሆን፣ እኛ ግን ሰሊጥ ቁላ ስንባል እጃችን የሚለምደው ለቆሎ የሚሆነውን አቆላል ነው። የሰሊጥ ቅርፊት ራሱ መራራ ነገር አለበት፤ በላዩ ላይ ሲጠቁር ምሬቱ ይብሳል። ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነጩን ሰሊጥ ይምረጡ፤ የሑመራው ሰሊጥ በመልኩም በመዓዛውም ለዚህ የተመቸ ነው። ሰሊጥ አሸዋ አያጣውምና በሰፌድ ካንገዋለሉት በኋላ በውኃ ሞልተው፣ የሚንሳፈፈውን በወንፊት እየቀዱ ከአሸዋው ይለዩት። ቅርፊቱን ማንሣት ለሚፈልግ ሰው ዘዴ አለው፤ ሰሊጡ ጥቂት ሰዓት ተዘፍዝፎ በእጅ በደንብ ይታሻል፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ 200 ግራም ያህል ጨው በሟሟበት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፣ ፍሬው ሲንሳፈፍ ቅርፊቱ ይዘቅጣል፤ ፍሬው ጨው እስኪለቅ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የድሬ ፀሐይ ማድረቁን ያግዛል።

ሲቆሉት ምጣዱ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ይሁን፣ እጅዎም ከማማሰል አይቦዝን። ሰሊጡ መንጣጣት ሲጀምርና መዓዛው ሲሸትዎት፣ መልኩ ገና ወደ ቢጫ ሳይዞር፣ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ትሪ ይገልብጡት፤ ምጣዱ ላይ ከተዉት እሳቱ ጠፍቶም መቆላቱን ይቀጥላል። ለብ እንዳለ በብሌንደሩ ትንሽ መፍጫ ይፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይያያዛል፣ እየቆሙና ጠርዙን እየፋቁ ከቀጠሉ ግማሽ ያህል ክብደቱ ዘይት ስለሆነ በመጨረሻ እየፈሰሰ የሚወርድ ቅባት ይሆናል፤ ካስቸገረ ሁለት ማንኪያ ሽታ የሌለው ዘይት ይጨምሩ። ወደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ልውሰደው ብለው ግን አያስቡ፤ ከእርስዎ በፊት የተፈጨው በርበሬ ይሁን ድቁስ አይታወቅም። የተዘጋጀ ጠሂና ከገዙ በዕቃው ላይ ከሰሊጥ በቀር ሌላ ነገር እንዳልተጻፈበት ይዩ፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይትም አይድፉት፣ እስከ ግርጌው ያማስሉት እንጂ።

ሌሎች የምሬት ምንጮችም አሉ። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ ኃይለኛው ጣዕሙ የሚፈጠረው በዚያው ቅጽበት ስለሆነ፣ ለብቻው ተፈጭቶ የቆየ ነጭ ሽንኩርት ይከረክራል፤ ከሎሚ ጭማቂና ከጨው ጋር አንድ ላይ ከተፈጨ ግን ኮምጣጣው ይህን ሂደት ስለሚገታው ጣዕሙ ለዝቦ ይቀራል። ሎሚውን ሲጨምቁ ልጣጩን አያሻሹት፤ ጭማቂውንም ከቀናት በፊት አይጭመቁት። የወይራ ዘይት ደግሞ በብሌንደር ፍጥነት ሲመታ ራሱ ይመራል፤ ቦታው ሳህኑ ላይ ነው። ከሙን ካገኙ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተቆላና የተፈጨ ይበቃል፤ በምትኩ ነጭ አዝሙድ ወይም ጥቁር አዝሙድ አያድርጉ፣ ጣዕማቸው ጨርሶ ሌላ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ 250 ግራም ደረቅ ሽምብራ ሲበስል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ 150 ግራም ጠሂና፣ 60 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ የእኛ ሎሚ ትናንሽ ስለሆነ ሦስት ወይም አራት ያስፈልግዎታል። ሽንኩርቱን ከሎሚውና ከጨው ጋር ፈጭተው አሥር ደቂቃ ይተዉት፣ ያጥልሉት፣ ጭማቂውን ወደ ጠሂናው ይጨምሩ። ጠሂናው በድንገት ተቋጥሮ እንደ ጭቃ ሲጠነክር አይደንግጡ፤ በቂ ውኃ ስላላገኘ ነው። በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ሲመቱት ይፈታል፣ መልኩም እየነጣ ይሄዳል። ሽምብራውን በትኩሱ፣ ከመቀቀያው ውኃ ጥቂት ጨምረው፣ ለብቻው ይፍጩት፤ ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ስለሚጠነክር መላሙ ይቸግራል። ከዚያ ለብ ሲል ሁለቱን ያዋሕዱ። አነስተኛ ብሌንደር ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይፍጩ፤ ወፍራም ነገር ሞተሩን ያግለዋልና በየደቂቃው ያሳርፉት። መብራት ከጠፋ በሙቀጫ ወቅጠው በወንፊት በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ያሳልፉት፤ በደንብ የበሰለ ሽምብራ በዚህም መንገድ ያምራል። ሲጨርሱ ቀጠን ያለ ቢመስልዎት ይተዉት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራልና።

ከሰሊጥ ይልቅ ለውዝ እንጠቀም የሚሉ አሉ፤ ባቢሌ በቅርባችን ሆና ጥያቄው መነሣቱ ተገቢ ነው። ውጤቱ ሁሙስ ነው ለማለት ቢያስቸግርም የሚጥም የሽምብራ ማባያ ይወጣዋል። ለውዙን ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የነካው ፍሬ አፍላቶክሲን የሚባል በጉበት ላይ ጉዳት የሚያደርስ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፣ ይህም መርዝ በቤት ውስጥ በመቁላት አይጠፋም። አንድ በአንድ ለቅመው የተጠራጠሩትን ይጣሉ። ለእንግዳ ሲያቀርቡም ለውዝ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ሰው እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ።

የመበላሸቱ ጉዳይ የቀረ ነው፤ ከጣዕም በላይ ስለሆነም ጠንቅቀው ይያዙት። ምናልባት ሽምብራውን ማታ ቀቅለው ድስቱ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ትተውት አድሮ ይሆናል። የተቀቀለ ጥራጥሬ ውስጥ በፈላ ውኃ የማይሞቱ፣ ስፖር በሚባል ጠንካራ ቅርጽ የሚቆዩ የባክቴሪያ ዓይነቶች አሉ፤ ምግቡ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ሲቆይ ነቅተው ይራባሉ፣ ከእነርሱም አንዳንዱ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መርዝ ያመርታል። የሎሚው መጠን ብቻውን አይከላከልላቸውም። ስለዚህ ሽምብራው እንደ በሰለ ያጥልሉት፣ ወዲያው የማይፈጩት ከሆነ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አስጥተው ቶሎ ያቀዝቅዙትና ማቀዝቀዣ ያስገቡት። የተሠራውን ሁሙስ በትንንሽ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው ያኑሩ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው አይነካም፣ መብራትም ሲሄድ ጉዳቱ ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየውን መልሰው አያስቀምጡ፤ ይህ ለድሬዳዋ የዓመቱ አብዛኛው ቀን ማለት ነው። ዳቦ የተጠቀሰበትም ወደ ዕቃው አይመለስ። በዚህ መንገድ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ለወር ያህል ማቆየት ከፈለጉ ሁሙሱን ሳይሆን የተቀቀለውን ሽምብራ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ፤ ቀልጦ ዳግመኛ ሲሞቅ በደንብ ይፈጫል። ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ የቦቱሊዝም መርዝ ሊፈጠር ይችላል።

ሲያቀርቡት ሳህኑ ላይ ዘርግተው በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ ያድርጉት፤ የወይራ ዘይት ካለ ያፍስሱበት፣ ከሌለ ጥሬ የሰሊጥ ዘይት ይሆናል፣ የኑግ ዘይት ግን ሽታው ይውጠዋል። በትኩስ ፎርኖ ዳቦም በላሁህም (ስስ የሶማሌ ቂጣ) ይበላል። አጠገቡ ቢስባስ (የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ) ማስቀመጥ በሌቫንት፣ ማለትም በሶርያ፣ በሊባኖስና በአካባቢያቸው፣ ያልተለመደ ቢሆንም እኛ ከተማ ቅር የሚለው ሰው አላጋጠመኝም።

በቆርቆሮ የታሸገውን ሽምብራ በተመለከተ፣ እንግዳ ድንገት ሲመጣ አይናቅም፤ ለዘወትር ግን ደረቁን መግዛት በብዙ ይረክሳል። የታሸገው በስሎ ቢመጣም ቅርጹን እንዲይዝ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ እንዲሁ ከተፈጨ ሻካራ ይሆናል። ፈሳሹን ደፍተው፣ አለቅልቀው፣ በንጹሕ ውኃና በአንድ ቁንጥር ሶዳ ለ20 ደቂቃ ያህል ያፍሉት፤ በጣትዎ ሲጫኑት ከላይ እንደገለጽኩት ከተቀባ በኋላ ይፍጩት። ጨው አስቀድሞ ስላለበት የሚጨምሩትን ጨው በግማሽ ይቀንሱ።